ብስክሌት ነድቶ ሰደቃ መሰብሰብ፦ ድካማችን ለማን ነው?

 

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ለንደን ከሚኖር ወንድማችን የመጣ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ይሰራል። የሥራ ባልደረቦቹ ከለንደን እስከ ፓሪስ በብስክሌት ሊጓዙ ተመዝግበዋል፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ በድሃ አገሮች ለሚሰራ የጤና ሥራ ይውላል። «አንተም ና» ብለውታል። እሱ ግን ልቡ አልረጋለትም። ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ይሄ ነገር ታይታ አይሆንም ወይ? ለመመዝገቢያ፣ ለሆቴልና ለመርከብ የሚወጣውን ገንዘብ በቀጥታ ለታማሚ ብንሰጠው አይሻልም ወይ? ሦስተኛው ደግሞ፦ «ኡስታዝ፣ እኔ ፔዳል ስመታ ስለደከምኩ ሰው ለምን ገንዘብ ያወጣል? የኔ ድካም ለታመመው ሰው ምን ያደርግለታል?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስለማንኛውም ሰደቃ እንሰማቸዋለን። ሦስተኛው ግን ከባድ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቻችን ሳንጠይቀው የምናልፈው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ነገሩን ለማታውቁት ያህል፦ ከለንደን ፓሪስ እንደ መንገዱ ምርጫ 480 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። ጋላቢው ለወዳጅ ዘመዱ «ይህን ያህል መንገድ ልነዳ ነው፣ እናንተ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ስጡ» ይላል። ከዚህ የሚረዝሙም አሉ። አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የጀመሩት «ራይድ ፎር ወርልድ ሄልዝ» የሚባል ጉዞ አገሪቱን ከአንዱ ዳርቻ እስከ ሌላው አቋርጧል፤ ተማሪዎቹ በየከተማው እየቆሙ ስለ ዓለም ጤና አስተምረዋል። የኛዎቹም ወጥተዋል፦ በ2017 ስምንት የብሪታንያ ሙስሊሞች ለሶሪያ የሕክምና እርዳታ እያሰባሰቡ ከለንደን ተነስተው ለሐጅ መዲና ድረስ በብስክሌት ሄደዋል። ነገሩ እንግዳ አይደለም ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ድካሙ እንምጣ።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሽማግሌ በሁለት ልጆቻቸው ትከሻ ተደግፈው እየተጎተቱ ሲሄዱ አዩ። ምን ሆነው ነው ብለው ጠየቁ። በእግራቸው ሊሄዱ ተስለው እንደሆነ ተነገራቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እኚህ ሰው ራሳቸውን ማሰቃየታቸው ለአላህ ምንም እንደማያደርግለት ተናግረው በእንስሳ እንዲቀመጡ አዘዙ። ሌላም አለ፦ አቡ ኢስራኢል የሚባል ሰው ፀሐይ ላይ ሊቆም፣ ላይቀመጥ፣ ጥላ ላይጠለል፣ ላይናገርና ሊጾም ተስሎ ነበር። እንዲናገር፣ እንዲጠለል፣ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ጾሙን ግን ይጨርስ ተባለ። ልብ በሉ፦ ከአምስቱ ነገር ዒባዳ የሆነው አንዱ ብቻ ቀረ፤ ባዶ ሥቃይ የሆኑት አራቱ ተጣሉ።

ታዲያ እዚህ ላይ አንዱ ተነስቶ «በቃ፣ ብስክሌቱም ያው የፀሐይ ላይ መቆም ነው» ሊል ይችላል። አይቸኩል። ምክንያቱም በሌላ በኩል ደግሞ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዑምራ ባደረገች ጊዜ አጅሯ በድካሟና በወጪዋ ልክ እንደሆነ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተነግሯታል። በኒ ሰሊማዎች ቤታቸው ከመስጂድ ስለራቀ ወደ መስጂዱ ቀርበው ሊሰፍሩ ሲያስቡ፣ እዛው እንዲቆዩና እርምጃቸው ሁሉ እንደሚጻፍላቸው ተነግሯቸዋል። እንግዲህ ድካም አጅር አለው ወይስ የለውም?

ይህን ጥያቄ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብለው የግራናዳው ዐሊም ኢማም አሽ-ሻጢቢ «አል-ሙዋፈቃት» በተባለው ኪታባቸው ሰፋ አድርገው አይተውታል። መድረሳ ሳለን ይሄን ክፍል ስናነብ ለፈተና ነበር፤ ዛሬ ለብስክሌት ይጠቅመናል ብሎ ማን አሰበ! የነገሩ ፍሬ በኔ አገላለጽ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ድካምን ራሱን ፈልጎ ሊሄድበት አይገባም። ነገር ግን ድካም ያለበትን መልካም ሥራ ፈልጎ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ድካሙ ከሥራው ጋር አብሮ ይቆጠርለታል። የመስጂዱ መንገደኛ የሚሄደው ለሶላት ነው፤ መንገዱ ረዘመበት። ያ ሽማግሌ ግን ወደዚያው ቦታ በቀላሉ የሚደርስበት መጓጓዣ ሳለ ሥቃዩን መረጠ።

ይህን ሚዛን ይዘን ስንመለስ፣ የወንድማችን ጥርጣሬ እውነት እንዳለው እናያለን። ማንም ሰው የአንተን የጉልበት ሕመም ሊገዛ ገንዘብ ሊያወጣ አይገባም። «አንተ ተሠቃይልኝ፣ እኔ ልክፈል» የሚል ነገር ከሆነ ከንቱ ነው፤ አላህም ከሁለታችሁም ሥቃዩን አይፈልገውም። ሰጪው የሚሰጠው ታማሚ ስላለ ነው። አንተ ጉንፋን ይዞህ በሁለተኛው ቀን ብትቀር እንኳ ያ ታማሚ አለ፤ የተሰጠውም አይመለስም።

ታዲያ ብስክሌቱ ምንድን ነው? ድምፅ ነው። ማንም ሰው ስለማያውቀው አገር ሕመም ደብዳቤ ሲደርሰው ያልፈዋል። የሚያውቀው ሰው፣ የአጎቱ ልጅ፣ የቢሮ ጓደኛው «እኔ አራት ቀን ልወጣ ነው፤ አንተ ከኪስህ ትንሽ አውጣ» ሲለው ግን ይቆማል፣ ያነባል፣ ይጠይቃል። ሩቅ የነበረው ጉዳይ በአንተ በኩል ቅርብ ሆነ ማለት ነው። በሸሪዓችን ይህን የሚመስል አለ። ጀሪር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ ከሙደር ጎሳ የሆኑ የተራቆቱ ድሆች ወደ መዲና ሲመጡ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በሐዘን ተለወጠ። ተነስተው ኹጥባ አደረጉ። ከአንሷር አንዱ እጁ ሊሸከመው የማይችለውን ከረጢት ተሸክሞ በሰው ፊት መጣ። ከዚያ ሰዉ ተከታተለ፤ የልብስና የምግብ ክምር ተቆለለ፤ የነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በራ። መልካም ፈር የቀደደ ሰው የእሱንም የተከተሉትንም አጅር እንደሚያገኝ የተናገሩት በዚህ ቀን ነው። ያ አንሷሪ ከረጢቱን ማታ በጨለማ ሊያመጣው ይችል ነበር። ያን ቀን ግን ሰው ማየቱ ጠቀመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ነው።

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚሄድ «ቱር ዳፍሪክ» የሚባል የብስክሌት ጉዞ አለ፤ በ2003 የተጀመረ ነው። ለብዙ ዓመታት በሱዳን ገብቶ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጎ የአባይን በረሃ ያቋርጥ ነበር። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ በመኪና የሄደም ያውቀዋል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው። በመንገዱ ዳር የቆመው ገበሬ ግን ሌላ ነገር ያያል። መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሰው በፈቃዱ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ያልባል። «ምን አጥቶ ነው?» ቢል አልፈርድበትም። በዚያው መንገድ እኮ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ የምትወጣ ሴት አለች። ምጥ የያዛት እህት በቃሬዛ ላይ ሆና ጎረቤት እየተቀያየረ ተሸክሟት ወደ ጤና ጣቢያ ትወርዳለች። ለዚያ ድካም ስፖንሰር የለም፣ ሜዳሊያ የለም፣ መጨረሻው ላይ ሻወርና አልጋ የለም።

ድካምን መርጦ መድከምና ድካም መርጦህ መድከም አንድ አይደሉም። ለጤና ተብሎ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ይህን ልዩነት ካልያዘ አደቡን ያጣል። «የእነሱን ሥቃይ በአካሌ ቀመስኩት» የሚል ጽሑፍ በአንዳንድ ጋላቢዎች ገጽ ላይ አንብቤያለሁ። አልቀመስከውም ወንድሜ። የአንተ ጉዞ የሚያበቃበት ቀን በቲኬትህ ላይ ተጽፏል፤ የእሷ አልተጻፈም። ይሄን ማወቅ ጉዞህን አያረክሰውም፤ አፍህን ብቻ ይገራዋል።

በዚህ አጋጣሚ ለንደን፣ ዋሽንግተን ወይም ሌላ ከተማ ውስጥ ምግብ በብስክሌት የምታደርሱ ወንድሞች፦ እናንተ በዝናብ ስትነዱ «ቻሪቲ» የሚላችሁ የለም። ነገር ግን ለቤተሰብ የሚወጣ ወጪ በኒያ ከሆነ ሰደቃ እንደሆነ ሶሒሕ ሐዲስ አለ። ለእናታችሁ መድኃኒት የምትልኩት ገንዘብም የጤና ጉዳይ ነው። በነጻ የሚነዳው ሰው ከእናንተ በላይ ነው ያለ የለም።

ታይታውን በተመለከተ ብዙ አልጽፍም፤ ስለ ሪያእ በዚህ ገጽ ደጋግመን ተነጋግረናል። በሱረቱል በቀራ 271ኛው አንቀጽ አላህ በግልጽ የሚሰጥ ሰደቃንም መልካም ብሎታል፤ ለድሆች በስውር መስጠቱ ደግሞ እንደሚበልጥ ነግሮናል። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው። በሌላ በኩል፣ በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ላይ መጀመሪያ ወደ እሳት ከሚጣሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ለጋስ ለመባል የሰጠ ሰው ነው። እንግዲህ ሁለቱንም ይዘን እንሂድ። ለኔ ግን አደጋው ያለው ብዙዎች በሚፈሩት ቦታ ላይ አይደለም። ከጉዞው በፊት «እባካችሁ ስጡ» ብሎ መለጠፍ የሥራው ክፍል ነው፤ ያለሱ ገንዘቡ አይመጣም። ፎቶው ጥቅሙን የሚያጣው ከጉዞው በኋላ ነው፦ ኤፍል ማማ ሥር ብስክሌቱን ወደ ላይ አንስቶ የተነሳው፣ ከዚያ ደግሞ በሳምንቱ፣ ከዚያ ደግሞ በዓመቱ «ትዝታ» ተብሎ የሚለጠፈው። ያኔ ማን እንዲሰጥ ነው የሚለጠፈው? ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ለራሱ ይመልስ። ከዚህ የሚብሰው የታማሚን ፊት ማስታወቂያ ማድረግ ነው። አይኗ የታመመ ሕፃን ልጅ ፎቶዋ እንዲዞር አልፈቀደችም፤ ልትፈቅድም አትችልም። በዚያው ሱራ 264ኛው አንቀጽ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ተከልክለናል። ማስከፋቱ በፎቶም ይሆናል።

ሪያእን ፈርቶ መቅረትም መፍትሔ አይደለም። ሰው ያየኛል ብሎ መልካም ሥራን መተው ራሱ የሪያእ መልክ እንደሆነ ቀደምቶቻችን አስተምረዋል።

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አማና ነው። እንዲህ ዓይነት ጉዞዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት አከፋፈል አላቸው። በአንዱ ጋላቢው የራሱን ወጪ፣ ማለትም ሆቴሉን፣ መርከቡን፣ ምግቡን ከኪሱ ይከፍላል፤ ሰዎች የሰጡት በሙሉ ለድርጅቱ ይገባል። በሌላው ደግሞ ጋላቢው ትንሽ መመዝገቢያ ብቻ ከፍሎ የተወሰነ ዝቅተኛ ገንዘብ ለመሰብሰብ ቃል ይገባል፤ የጉዞው ወጪ ከተሰበሰበው ላይ ይነሳል። በሁለተኛው መንገድ አክስትህ ለወባ አጎበር ብላ የሰጠችው ገንዘብ ከፊሉ ለአንተ የሆቴል አልጋ ይሄዳል ማለት ነው። ድርጅቱ ይህን አይደብቅም፤ በቅጹ ላይ ተጽፏል። ግን አክስትህ ቅጹን አላነበበችም። እኔ የመጀመሪያውን ምረጡ እላለሁ። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ለሰጪዎች በግልጽ ንገሩ፤ ነግራችሁ ከሰጡ ምንም ችግር የለም። ዝም ብላችሁ ግን አትውሰዱ።

የዘካ ገንዘብ ግን ፈጽሞ ወደዚህ አይቀላቀል። ዘካ በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ነው፤ የብስክሌት ጋላቢ የሆቴል ወጪ ከእነሱ ውስጥ የለም። «ዘካዬን ልስጥህ» የሚላችሁ ካለ፣ ድርጅቱ ዘካን ለይቶ የሚይዝና ለባለ መብቶቹ የሚያደርስ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትቀበሉ።

«በቀጥታ ብንሰጥስ?» ለሚለው፦ ሒሳብ ሥሩ። አንድ ሰው ለጉዞው 500 ፓውንድ አውጥቶ 600 ፓውንድ ብቻ ከሰበሰበ፣ እውነቱን ለመናገር ሽርሽር ሄዷል፤ ሽርሽር ሐላል ነው፣ ግን በስሙ እንጥራው። አምስት ሺህ ከሰበሰበ ግን ያ ገንዘብ እሱ ቤቱ ቁጭ ቢል አይመጣም ነበር። ሁለቱ ጉዞዎች መንገዳቸው አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

ለምን እንደምትነዱም እወቁ። የምግብ ፌርማታ ላይ አንድ ሰው «ይሄ የዓለም ጤና የምትሉት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ «ድሆችን መርዳት» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው ትራኮማ ነው፣ እናቶቻችን የዓይን ማዝ የሚሉት። የዓለም የትራኮማ ሸክም ትልቁ ድርሻ ያለው በኛው አገር በኢትዮጵያ ነው። ሕመሙ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል። ሲደጋገም የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ርግብታ ዓይኑን ይፍቀዋል። መጨረሻው ዕውርነት ነው። መከላከያው አራት ነገር ነው፦ ለታጠፈው ሽፋሽፍት አጭር ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ ፊትን መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽሕናና ውሃ። ሦስተኛውን ልብ በሉት። በቀን አምስት ጊዜ ፊታችንን የምንታጠብ ሕዝቦች ነን፤ ውሃ ሩቅ በሆነበት መንደር ያለ ሕፃን ግን ፊቱን የሚታጠብበት የለውም። ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠጣው ይቀድማል።

ሁለተኛው ዐሊ ማዎ ማዓሊን ነው። ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ምግብ አብሳይ የነበረ ወጣት። በጥቅምት 1977 ፈንጣጣ ያዘው። ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው በዓለም ላይ እሱ ሆነ፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ዐሊ ዳነ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ውስጥ ገብቶ ክትባት ለሚፈሩ ወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ያሳምን ነበር። በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ እያለ በወባ ሕይወቱ አለፈ፤ አላህ ይዘንለት። ቤት ለቤት ዞሮ በር ማንኳኳት፣ ከእናቶች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፦ የዓለም ጤና የሚባለው ሥራ አብዛኛው ይሄው ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተብለው የተሰማሩት ከ30 ሺህ በላይ እህቶች በእግራቸው መንደር ለመንደር የሚዞሩት ለዚህ ነው።

ብስክሌቱ ራሱም መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ» የተባለ ድርጅት በ2005 ከስሪላንካው የሱናሚ አደጋ በኋላ ተነስቶ ጠንካራ ብስክሌቶችን ማከፋፈል ጀመረ፤ ዛምቢያ ውስጥ ለጤና በጎ ፈቃደኞች ደርሷቸዋል። እዚያ ብስክሌት ማለት በቀን ተጨማሪ ታማሚዎችን ማየት ማለት ነው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ምርጫ ካላችሁ እንዲህ ያለውን ተመልከቱ።

ለመሄድ ለወሰናችሁ ጥቂት ነገሮች። ሙሳፊር ናችሁና ከከተማው ከወጣችሁ በኋላ ሶላት ማሳጠር ይቻላል፤ ማጣመሩን በተመለከተ የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች የራሳችሁን ዐሊም ጠይቁ። አዘጋጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አሥር ደቂቃ መቆም ለማንም አይከብድም፣ ጎማ ሲፈነዳ ከዚያ በላይ ይቆማል። ጥብቅ የብስክሌት ቁምጣ ላይ ሰፋ ያለ ነገር ደርቡበት፤ ጉልበትን ጭምር መሸፈኑ ከመዝሀቦች ውዝግብ ያወጣችኋል። ለእህቶች ብስክሌት መንዳት በራሱ ክልክል አይደለም፤ የሚታየው አለባበሱ፣ ደኅንነቱና አብሮ የሚሄደው ሰው ነው። በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ ልቡን የሚያመው፣ ሐኪሙ የከለከለው ሰው ደግሞ አይሂድ። ለሌላ ሰው ጤና ብሎ የራሱን መጉዳት ያው የሽማግሌው ስለት ነው።

የማትሄዱት ደግሞ ጋላቢ ወዳጃችሁ ሲለምናችሁ «ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደረስክ?» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ስጡ። ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ባለችው በዚህች የጁሙዓ ሰዓት ዱዓ ስታደርጉም መንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ አስቧቸው፦ በብስክሌት ያለውንም፣ በቃሬዛ ያለችውንም፣ ቃሬዛውን የተሸከሙትንም።

ጁሙዓ ሙባረክ።